ያለፈበት ሳይሆን ያለፈለት

ቦታ ልቀቁ፣ አያ ቁም ነገር መጣ። ሁልጊዜ የሚመጣው ሰው ቡናውን ይዞ አሮጌ ልብ ወለድ በገለጠበት ሰዓት ነው። ቁጭ አይልም፤ ቆሞ ነው የሚናገረው። «እናንተ የአብደራፊ ሰዎች፣ ያለፈበት ልብ ወለድ ስታገላብጡ ዕድሜያችሁ አለቀ። ቁም ነገር አንብቡ!» ይለናል። ቁም ነገር የሚለው ምን እንደሆነ ዛሬ ገባኝ። ቆሞ የቀረ ነገር ነው። የእኔ መጽሐፍ ነገር ይሮጣል፣ ይጋልባል፣ ድንበር ይሻገራል። ያንተ ነገር እዚያው እንደ ቆመ ነው አያ። እባካችሁ በርጩማ ስጡት፤ እግሩም ነገሩም ይረፍ።

«ያለፈበት» አልክ? ቀን የሚያልፍበት መድኃኒት ነው። መጽሐፍ ያልፍለታል እንጂ አያልፍበትም። ይቺ በእጄ ያለችው አዲስ አበባ፣ ብሔራዊ ቴአትር አጠገብ፣ አስፋልት ላይ ተዘርግታ ተሽጣለች። ጎንደር ተከራይታለች። ሳንጃ ላይ ሽፋኗን ጥላ፣ አብርሃ ጅራ አድራ፣ አብደራፊ ገብታለች። ያን ሁሉ አገር ያለ ሽፋን ነው ያቋረጠችው። አንተ በክረምት ያለ ጃንጥላ ገበያ አትወጣም። ደግሞ ገጿን ሳትገልጥ ገጽህን ታጨማድድባታለህ!

«ተራ መጽሐፍ ነው» ትላለህ። አዎ፣ ተራ ነው። ተራ የሚያዝለት ስለሆነ። በደርግ ዘመን ልብ ወለድ በየኪዮስኩ በቀን ሒሳብ ይከራይ ነበር፤ አንዱ ሳይጨርስ ሌላው በር ላይ ይቆማል። የበዓሉ ግርማን «ኦሮማይ» አስታውስ። በ1975 ዓ.ም. ወጣ። አስመራ፣ ቀይ ኮከብ ዘመቻ፣ ጋዜጠኛ፣ ሰላይ፣ ፍቅር፤ እንቅልፍ የሚነሳ ታሪክ። ወዲያው ከገበያ ተሰበሰበ። ደራሲው ከሥራው ተባረረ፤ በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደ ወጣ ቀረ። መጽሐፉ ግን አልቀረም። ከብብት ብብት፣ ከፍራሽ ፍራሽ እየተደበቀ ዞረ። ከአርባ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2017 ዓ.ም.፣ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ባሕር ማዶ ታተመ። አንተ ያለፈበት ያልከውን እነሱ አዲስ መጽሐፍ ብለው ገዙት። አንተ ተራ ስትለው ዓለም ተራ ያዘለት።

«ልብ ወለድ አልወድም» አልክ ደግሞ። ወለድ ግን ትወዳለህ። በሐምሌ ለአረም ያበደርካትን ብር በኅዳር ከነልጇ ትሰበስባለህ። ብር ሲወልድ እልል ትላለህ፤ ልብ ሲወልድ ነው የሚከፋህ። እናንተ፣ ሳቁን አቆዩት። ገና ሁለተኛው ቡና አልወረደም።

«ጊዜ ማባከኛ ነው።» እንዲህ የሚል ሰው ሰሊጥ አጭዶ አያውቅም፤ አሳጭዶ ነው የሚያውቀው። ሰሊጥ ታጭዶ፣ ታስሮ፣ ቆሞ እስኪደርቅ ሁለት ሳምንት ገደማ ይጠብቃል። ከዚያ በፊት ላራግፍህ ብትለው አይለቅልህም። በዚያ ሁለት ሳምንት ከደጋ የወረደው ሠራተኛ ምን ያድርግ ትላለህ? ሰሊጡ ላይ ያፍጥጥ? ቢያፈጥበትም ቶሎ አይደርቅ። ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል አንዱ በስልክ ባትሪ ያነባል፣ የቀሩት ጋደም ብለው ያዳምጣሉ። ሰላዩ በመስኮት ሊዘል ሲል ባትሪው ዘጋ። የዚያን ጊዜ ጩኸት ብትሰማ እባብ የነደፋቸው ይመስልህ ነበር። ያ ሁሉ ሰው ለአንድ ሰላይ እንቅልፍ አጥቶ ያደረው ጊዜውን አባክኖ ነው? አንተን ስሰማ ነው የባከነው!

ነቢይ መኮንንን ጠይቅ ልልህ ነበር፣ ዛሬ በሕይወት የለም። በደርግ እስር ቤት ሆኖ የማርጋሬት ሚቸልን ያን የሚያህል ልብ ወለድ በሲጋራ ፓኮ ወረቀት ላይ ተረጎመው። «ነገም ሌላ ቀን ነው» ተብሎ ታተመ፤ አገር አነበበው። ነገ ይንጋ አይንጋ የማያውቅ እስረኛ፣ የጥንት የፍቅርና የጦርነት ታሪክ፣ የሲጋራ ወረቀት። ያ ሰው ጊዜ አላባከነም። ጊዜው ነው እሱን ማባከን ያቃተው። አንተ ነጭ ወረቀት፣ ጠረጴዛና አምፖል ይዘህ ምን ተረጎምክ? የኪሎውን ዋጋ ከብር ወደ ፓውንድ!

አሁን ደግሞ ዞር ብለህ «ሥዕል ያለው መጽሐፍ የልጅ ነው» አልክ። ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም ዓይንህን ጨፍነህ ነው? ቅዱስ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ። ዘንዶው ከሥር። ብሩታዊት ከዛፉ ላይ። ማን ማን እንደሆነ ደግሞ ከጎኑ በጽሑፍ። ጀግናው አለ፣ አውሬው አለ፣ የምትድነዋ ልጅ አለች፣ ጽሑፉ አለ። ኮሚክ ከዚህ ሌላ ምን አለው? ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግባ፤ ከግድግዳ እስከ ጣሪያ ሥዕል ነው፣ እነዚያን ፈረሰኞች ያየ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ጦር ይወረውራል። የንግሥተ ሳባና የሰሎሞን ሥዕል ብዙ ጊዜ በ44 ክፍል ተከፍሎ ነው የሚሣለው። ከዘንዶው ንጉሥ ይጀምራል፣ በመንገድ ይሄዳል፣ ሌሊት ውኃ መጠጣቱ አለ፣ ልጁ ተወልዶ ያድጋል። አያቶቻችን ያለ ማተሚያ ቤት ኮሚክ አውጥተዋል። ያን ሁሉ ሽማግሌ ልጅ ነው ልትል ነው? ድፍረት አለህ፣ ይኸን አልክድህም።

ሁጎ ፕራት የሚባል ጣልያናዊ ነበር። በአሥር ዓመቱ፣ በወረራው ጊዜ፣ ከቤተሰቡ ጋር አዲስ አበባ ገባ። አባቱ ምርኮኛ ሆኖ ሞተ። ልጁ አገሩ ተመልሶ ሠዓሊ ሆነ፤ ኮርቶ ማልቴዝ የሚባለውን መርከበኛ ፈጠረ። ከዚያ መርከበኛ ቅጾች አንዱን በኢትዮጵያ ስም ጠራው። «የበረሃ ጊንጦች» የሚለውን ተከታታይ ሥራውንም እስከ እኛ አገር በደረሰው ጦርነት ላይ አቆመው። በአውሮፓ ትልልቅ ሰዎች፣ ሽበት ያላቸው፣ ያንን ኮሚክ እንደ ቅርስ ያስቀምጡታል። እኛም ዝም አላልንም። በ2018 እ.ኤ.አ. በሰራት ደበበ በኢታን ኮሚክስ «ጀምበር»ን አወጣ፤ የእኛው ልጅ፣ የእኛው ከተማ፣ የእኛው ልዕለ ጀግና። ጀምበር ከወጣች ቆየች አያ፤ አንተ ገና ኩራዝ ትለኩሳለህ። ኩራዝ ስል አሳታሚውን አይደለም። እሱማ ስንቱን ልብ ወለድ አብርቶልናል!

«ጀብዱ የፈረንጅ ነገር ነው» ስትል ደግሞ በእውነት ተናደድሁልህ። ፈረንጁ ጀብዱን ከየት አመጣው? ከዚህ ነው የወሰደው! ሳሙኤል ቤከር የሚባል እንግሊዛዊ በ1861 እና በ1862 እ.ኤ.አ. በሰቲት፣ በአንገረብና በጋላባት ዞረ። የሐምራን አዳኞች በፈረስና በሰይፍ ዝሆን ሲጥሉ አየ። አገሩ ገብቶ በ1867 መጽሐፍ አድርጎ አሳተመው። አንገረብ ያለው አንተ ገበሬ በምታሳርስበት በኩል ነው እኮ! ከዚያ ደግሞ ሌሎቹ ተከተሉ። ጀርመናዊው ካርል ማይ እግሩ ሱዳን ሳይረግጥ ስለ ማህዲ አገር ሦስት ቅጽ ጻፈ። እንግሊዛዊው ሜሰን በ1902 «አራቱ ላባዎች»ን ጻፈ፤ ሲኒማው ደጋግሞ ሠራው። ፖላንዳዊው ሼንኬቪች፣ የኖቤል ተሸላሚው፣ በ1911 ሁለት ልጆችን በማህዲ ሰዎች አስጠልፎ በበረሃ አዞራቸው። ሁሉም ዓይናቸው እዚህ ድንበር ማዶ ነው። አሜሪካ ያሉ ጥቁር ወንድሞቻችን ሳይቀሩ! ጆርጅ ስካይለር ጣልያን ሲወረን፣ ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ «ፒትስበርግ ኩሪየር» ጋዜጣ ላይ በየሳምንቱ የሚቀጥል የኢትዮጵያ የግድያ ምስጢር ጻፈ። ቀጥሎ ደግሞ በ1938 በኢትዮጵያ አርበኞች ላይ ሌላ ተከታታይ ጀመረ። ያ ርካሽ የጋዜጣ ልብ ወለድ ነው። በዚያ ርካሽ ወረቀት ላይ ግን የእኛ ስም ውድ ነበር። ሰው ከአሜሪካ ሆኖ ለኢትዮጵያ ልቡ ሲመታ አንተ አብደራፊ ቁጭ ብለህ «የፈረንጅ ነው» ትላለህ። ይቅርታ፣ ቆመህ።

እሺ፣ ፈረንጁን እንተወው። የአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ ምንድነው? የዘጌው ልጅ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተመው፣ «ጦቢያ» እያልን የምንጠራው ነው። ስለ ግብርና ዘዴ የተጻፈ መሰለህ? ጦርነት አለበት። ምርኮ አለበት። የጠፋ ወንድም አለበት። ሴት ልጅ የወንድ ልብስ ለብሳ ከአባቷ ጋር አገር ላገር ስትንከራተት አለበት። መጨረሻው ሠርግ ነው። አንደኛ ደረጃ የጀብዱ መጽሐፍ! የአማርኛ ልብ ወለድ ሲወለድ በፈረስ ላይ ነው የተወለደው።

«ፍቅር እስከ መቃብር ግን ቁም ነገር ነው» ብለህ ልታመልጥ ነው። ጠብቄህ ነበር። ሰብለ ወንጌል በመነኩሴ ልብስ ከቤት ጠፍታ ትሄዳለች። በዛብህን መንገድ ላይ ሽፍቶች ያገኙታል። ሌሊት አለ፣ ምስጢር አለ፣ ስደት አለ። እነዚህን አውጣና የቀረውን አንብብልኝ እስቲ። ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ፣ «ከመጻሕፍት ዓለም» ላይ ሲተርከው አገር ጸጥ ያለው ቀጥሎ ምን ሊመጣ ነው ብሎ ነው። ማንበብ የማይችል ገበሬ ሳይቀር ለሰብለ እንባውን ጠርጓል። ሐዲስ ዓለማየሁ ትልቅ ደራሲ የሆኑት ጀብዱን ስለናቁ አይደለም፤ ጀብዱን ስላወቁበት ነው። ከዚያም ወዲህ በ2001 ዓ.ም. ይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ»ን ይዞ መጣ። የጣና ገዳም፣ ሳይንቲስት፣ ሰላይ፣ የሚስጥር በር። መጽሐፍ ነክቶ የማያውቅ ጎረምሳ ምሳውን ሳይበላ ሲያነብ ዓይኔ አይቷል። አንተ ያን ጎረምሳ ስንት ዓመት መክረኸው መቼ አስነበብከው?

«ውሸት ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር አይሆንም» አልክ። ውይ! መተማን ፊት ለፊትህ አስቀምጠህ?

ማሞ ውድነህ «ሰላዩ ሬሳ»ን ሲያስነብበን ስንቱ «ሬሳ እንዴት ይሰልላል» አለ። ሰለለ! እንግሊዞች በ1943 እ.ኤ.አ. አንድ ሬሳ የመኮንን ልብስ አልብሰው፣ ሐሰተኛ ደብዳቤ አስይዘው፣ ስፔን ባሕር ዳርቻ ጣሉት። ጀርመኖች ደብዳቤውን አመኑ። ግሪክ ይወረራል ብለው ሲጠብቁ ሲሲሊ ተወረረች። የሞተ ሰው ይኸን ሠራ። አንተ በሕይወት ያለኸው ወሬ እንኳ በወጉ አታደርስም። ማሞ ጋዜጠኛ ነበር፤ የዋግ ልጅ፤ አማርኛው የተላጠ ሸንኮራ። የእሱን የስለላ መጻሕፍት እያነበበ ስንት ሰው ካርታ ላይ በርሊንንና ካይሮን መፈለግ ተማረ። ጂኦግራፊ አስተማሪው በዱላ ያልቻለውን ማሞ በሰላይ አደረገው።

ደግሞስ የቋራው ካሳ! አንድ ደራሲ ቢጽፈው «አበዛኸው» ትለው ነበር። ልጁ የሚማርበት ገዳም ይወረራል፤ እሱ ያመልጣል። ቆላ ወርዶ ይሸፍታል። እቴጌ መነንን ይማርካል። ደባርቂ ላይ የግብጽ መድፍ ይመታዋል፤ እንደገና ይነሣል። በ1847 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ይሆናል። በ1860 መቅደላ ላይ የእንግሊዝ ንግሥት ስጦታ በላከችለት ሽጉጥ የራሱን ሕይወት ያጠፋል። ይኸን ዱማ ቢጽፈው ፈረንሳይ ሁሉ እንቅልፍ አያገኝም ነበር። የሆነው ግን እኛ ቆላ ነው።

መጋቢት 1881 ዓ.ም. ደግሞ አፄ ዮሐንስ እዚሁ መተማ ላይ፣ ውጊያው ወደ እሳቸው ሲያደላ ተመተው ወደቁ። ያሸነፈ የሚመስለው ጦር ንጉሡ ሲቆስሉ ተፈታ። ከተማዋ እስከ ዛሬ መተማ ዮሐንስ ትባላለች። በጥቅምት 1933 ደግሞ ዊሊያም ስሊም የሚባል እንግሊዛዊ አዛዥ ጣልያንን ሊያስለቅቅ መጥቶ ጋላባትን ያዘ፤ ከወንዙ ወዲህ ያለችውን መተማን ግን አልቻላትም። በኋላ በርማ ላይ ዝናው የወጣው፣ ፊልድ ማርሻል የሆነው ያው ስሊም ነው። አንተ ሰሊጥ ጭነህ የምታልፍበት ጉብታ ላይ የተጀመረ ታሪክ ነው። ገንዳ ውኃ ድረስ ብትወርድ ውኃ የሚቋጥር ክርክር አታመጣልኝም!

«ሽፍታ ያስወድዳል» ያልከውን አልረሳሁትም። ሽፍታ የሚለው ቃል ገና ሲነሳ ሰውነትህ ሽፍ ይላል፤ ስጋትህ ይገባኛል፤ መንገዱን እኔም እሄድበታለሁ። የመጽሐፉ ሽፍታ ግን የሚያግተው እንቅልፍን ብቻ ነው፤ ሲነጋም ይለቅሃል፣ ያለ ገንዘብ። በዚያ ላይ እኛ የቆላ ሰዎች ከመጽሐፍ ጀብዱ ልንማር አይደለም የምናነበው። ድንበር የለሽ ሐኪሞች እዚህ አብደራፊ ድረስ መጥተው ካላዛርና የእባብ መርዝ ሲያክሙ የኖሩበት አገር ነው። እዚህ ሌሊት ከዳስ ወጥቶ መመለስ ራሱ አንድ ምዕራፍ ነው። ሰው የዋለበትን በመጽሐፍ ሲያየው ደስ ይለዋል። ደስታ ብቻውን በቂ ምክንያት ነው፤ ፈቃድ አያስፈልገውም። አሁን እኔን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ይኸን ሁሉ ካርል ማይ በሩቁ ጽፎታል፣ ፕራት በሩቁ ሥሎታል። የአርማጭሆ ልጅ አንገረብን፣ ጓንግን፣ የሰሊጡን ክምር፣ የድንበሩን ገበያ ይዞ አንድ ወፍራም የጀብዱ መጽሐፍ መቼ ነው የሚያወጣልኝ? ከነሥዕሉ! ያ ልጅ ዛሬ እዚህ ቡና ላይ ካለ ይስማ፤ ወረቀቱን እኔ እገዛለሁ። ብሩን ከአያ ቁም ነገር አልበደርም፤ ልብ ወለዱ ከነወለዱ ይሆንብኛል።

«እኔ እንዲህ ያለ መጽሐፍ በእጄ ነክቼ አላውቅም» አልክ አሁን? በሉ ዝም በሉ፤ ይኸ ሲባል ነው ስጠብቅ የነበረው። የይልማ ሀብተየስን የወንጀል ልብ ወለዶች ያነበበ ሰው እንዲህ ያለ ቃል ሲሰማ ጆሮው ይቆማል። እንመርምር። መጽሐፏ ይቺውና። ጀርባዋ በወስፌ ተወግቶ በጆንያ መስፊያ ክር ተሰፍቷል። እዚህች ላይ የሰሊጥ ፍሬ ተጣብቆ የዘይት ነጥብ ሠርቷል፤ በነጥቧ ውስጥ የማዶው ገጽ ፊደል ይታያል። አሁን ገጽ 9ን እዩ። ዳር ላይ በሰማያዊ እስክሪብቶ «ገዳዩ ሐኪሙ ነው» ተብሎ ተጽፏል። ማን ነው ይኸን የጻፈ ጨካኝ? ፊደሉን ተመልከቱ። በሐመሩ ሐ ነው የጻፈው፤ መካከለኛዋን እግር ከሁለቱ አስረዝሞ። ይኸን እግር የት ነው የማውቀው? የብድር ደብተርህ ላይ፣ «ሒሳብ» በሚለው! አገሩ ሁሉ ያቺን ረጅም እግር ያውቃታል፤ በየኅዳሩ ቤታችን ድረስ ትመጣለች። ምስክር ካስፈለገ ይኸ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ተበዳሪህ ነው።

እና ሌላም አለ። የመጨረሻው ቅጠል የለም። ገዳዩን ነግረኸናል፤ እንዴት እንደ ተያዘ ግን ገንጥለህ ይዘኸው ሄደሃል። ወዴት አያ፣ አሁን ነው ቁጭ ማለት! ደረት ኪስህ ውስጥ የታጠፈው ወረቀት ደረሰኝ እንዳይመስልህ፤ ደረሰኝ በሁለት በኩል አይታተምም። አውጣው። ጮክ ብለህ አንብብልን፤ በረካው እስኪቀዳ ትደርሳለህ። ሐኪሙን በምን ያዙት?